የሚነቅዝ ዝምታ፦ ቡድን በእጁ ያለውን እውቀት የሚያጣው እንዴት ነው?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1978 ምሽት የዩናይትድ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 173 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት ፖርትላንድ ከተማ ለማረፍ ተቃርቧል። ጎማው ሲዘረጋ ያልተለመደ ድምፅ ተሰማ፤ መቆለፉን የሚያሳየው መብራትም አልበራም። ካፒቴኑ ነገሩን እስኪያጣራና መንገደኞቹ ለድንገተኛ ማረፍ እስኪዘጋጁ አውሮፕላኑ በከተማዋ አቅራቢያ እንዲዞር አደረገ። አንድ ሰዓት ያህል ዞረ።

ከአብራሪዎቹ ኋላ የተቀመጠው የበረራ መሐንዲስ ነዳጁን ይከታተላል። ካፒቴኑ ሌላ አሥራ አምስት ደቂቃ እንደሚፈልግ ሲጠቁም፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነዳጁን በጣም እንደሚያሳንሰው ነገረው። ከዚህ በላይ አጥብቆ ግን አልተናገረም። «አሁን ካላረፍን እንወድቃለን» አላለም። ሞተሮቹ ተራ በተራ ጠፉ፤ አውሮፕላኑም ሜዳው ሳይደርስ በከተማዋ ዳር ዛፎች መሀል ወደቀ። ከ189 ሰዎች 10 ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ያው መሐንዲስ ነበር። በኋላ ሲመረመር ጎማው ተዘርግቶ በትክክል ተቆልፎ ተገኘ።

ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነው። አውሮፕላኑን ለማዳን የሚያስፈልገው እውቀት ሁሉ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። ስንት ነዳጅ እንደቀረ የሚያውቅ ሰው አለ፤ ስንት ደቂቃ መዞር እንደታሰበ የሚያውቅ ሰው አለ። ሁለቱ እውቀቶች ግን አልተገናኙም። ቢገናኙ ኖሮ ማንም ለብቻው ያልያዘው ሦስተኛ እውቀት ይወለድ ነበር፦ «ጎማውን ተወውና አሁኑኑ እንረፍ» የሚል።

ስለ ቡድን ሥራ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ ትኩረታችን የተማረ ሰው መቅጠር፣ ሥልጠና መስጠትና ኮምፒውተር መግዛት ላይ ነው። እነዚህ አያስፈልጉም አልልም። ነገር ግን አዲስ እውቀት የሚፈልቀው በተለያየ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ቁራጭ ከሌላው ቁራጭ ጋር ሲጋጠም ነው። መጋጠም አለመጋጠሙን የሚወስነው ደግሞ የቡድኑ የመረጃ ባህል ነው፦ ማን ለማን ይናገራል? በምን ዓይነት ቃል? ክፉ ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ምን ይገጥመዋል? የተናገረውስ የት ይደርሳል?

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ሮን ዌስትረም በአቪዬሽንና በሌሎች አደጋ በሚበዛባቸው ሥራዎች ላይ ተመሥርቶ ተቋማትን በዚሁ ዓይን በሦስት ከፍሏቸዋል። በአንደኛው ዓይነት መረጃ የሥልጣን መሣሪያ ስለሆነ ክፉ ወሬ ያመጣ ይቀጣል። በሁለተኛው ሁሉም በየክፍሉ አጥር ውስጥ ስለሚኖር ወሬ አምጪው አይቀጣም፤ አይሰማምም። በሦስተኛው ተቋሙ የሚያስበው ስለ ሥራው ግብ ነውና እንዲህ ያለውን ሰው ይፈልገዋል፤ እንዲያውም ያሠለጥነዋል። አደገኛው የመጀመሪያው ይመስለን ይሆናል። እኔ ግን ሁለተኛውን እፈራለሁ። ማንም ክፉ ሳይሆን፣ ማንም ሳይዋሽ፣ መረጃው በጠረጴዛና በጠረጴዛ መካከል ይሞታልና።

ከፖርትላንድ አደጋ በኋላ የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት መርማሪዎች አብራሪዎች የበታቾቻቸውን እንዲያዳምጡ፣ የበታቾቹም አጥብቀው እንዲናገሩ ሥልጠና ያስፈልጋል አሉ። በ1979 ናሳ በጠራው ዐውደ ጥናት ለዚህ ሥልጠና ስምና ቅርፅ ተሰጠው፤ ዩናይትድ በ1981 ለሠራተኞቹ መስጠት ጀመረ። ብዙ የዘመኑ ካፒቴኖች ቅር ብሏቸው ነበር። በአውሮፕላን ውስጥ የካፒቴን ቃል ሕግ ነው ተብለው ያደጉ ሰዎች ናቸው።

ጁላይ 19 ቀን 1989 የዚያው የዩናይትድ በረራ ቁጥር 232 ከዴንቨር ተነሥቶ ወደ ቺካጎ እያመራ ሳለ የጭራው ሞተር ፈነዳ። ስብርባሪው ሦስቱንም የሃይድሮሊክ መስመሮች ቆረጣቸው። አውሮፕላኑ ዲሲ 10 ነው፤ ያለ ሃይድሮሊክ መሪው አይሠራም፣ ክንፉ አይታዘዝም። ሦስቱም መስመሮች አንድ ላይ ይጠፋሉ ተብሎ ስለማይታሰብ ለዚህ የተጻፈ መመሪያ አልነበረም። ሠራተኞቹ በሬዲዮ የድርጅቱን የጥገና ባለሙያዎች ሲጠይቁም የሚረዳ መልስ አላገኙም።

ከመንገደኞቹ መካከል ዴኒስ ፊች የተባለ የዲሲ 10 አሠልጣኝ አብራሪ ነበር። ልርዳችሁ ብሎ መልእክት ሲልክ ካፒቴን አል ሄይንስ ወዲያው አስገባው። እዚህ ላይ ቆም ብለን እንየው። በሕይወቱ ከባድ በሆነችው ሰዓት፣ ሥልጣኑ ሁሉ በእጁ እያለ፣ አንድ ካፒቴን ከመንገደኛ ወንበር የመጣን ሰው «ና፣ ይህን ያዝ» አለው። ፊች በሁለቱ አብራሪዎች መካከል ሆኖ የቀሩትን ሁለት ሞተሮች ጉልበት በእጁ ከፍና ዝቅ ማድረግ ጀመረ። የግራው ሲጨምር አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ያዘነብላል፤ የቀኙ ሲጨምር ወደ ግራ። አፍንጫው ሲወርድ ሁለቱንም ይጨምራል። አንዱ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው ይሞክራል፣ ሦስተኛው ከመሬት ጋር ይነጋገራል። በዚህ ሁኔታ በ44 ደቂቃ ውስጥ ያን የሚያህል አውሮፕላን በሞተር ጉልበት ብቻ የመንዳት ዘዴ እዚያው አየር ላይ ተፈጠረ። አንዳቸውም ጠዋት ከቤታቸው ሲወጡ ይህን እውቀት ይዘው አልወጡም።

አውሮፕላኑ አዮዋ ግዛት ሱ ሲቲ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተጋጭቶ ተሰባበረ፤ ከ296 ሰዎች 184 ተረፉ። በኋላ በሲሙሌተር፣ ማለትም በበረራ ማስመሰያ መሣሪያ፣ የሞከሩ አብራሪዎች ያንን አውሮፕላን በሰላም ማሳረፍ አልቻሉም። ሄይንስ ቀሪ ዕድሜውን በየአገሩ እየዞረ ይህንን ሲናገር ኖረ፦ በዚያች ክፍል አራቱ ሲደመሩ 103 ዓመት የበረራ ልምድ ነበራቸው፤ እሱ ብቻውን ከሌሎቹ የተሻለ መልስ ሊኖረው የሚችልበት ምክንያት አልነበረም። አየር መንገዱ በ1978ቱ የነበረው ራሱ ነው። በ11 ዓመት ውስጥ የተለወጠው በዚያች ክፍል ውስጥ የመነጋገር ልማድ ነው።

ችግሩ፣ አራት ሰው ያለበት ክፍል የተማረው ነገር በአሥር ሺዎች ሰው ባለበት ድርጅት ውስጥ በራሱ አለመተላለፉ ነው። ይህንን እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ በመራራ መንገድ አውቀነዋል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ፤ የነበሩት 157 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አምስት ወር ሳይሞላ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ የላየን ኤር ንብረት የሆነ ተመሳሳይ ቦይንግ 737 ማክስ ወድቆ 189 ሰዎች አልቀዋል። በሁለቱም ኤምካስ የተባለው ሶፍትዌር፣ አውሮፕላኑ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን ከሚያነቡት ሁለት መለኪያዎች የአንዱን የተሳሳተ ንባብ ብቻ አምኖ አፍንጫውን በተደጋጋሚ ወደ ታች ገፍቷል።

ኤምካስ የአንድ ሰው ስህተት አይደለም። የመረጃ ባህል ውጤት ነው። ሥርዓቱ መጀመሪያ ሲታሰብ የጭራውን አግድም ክንፍ በአንድ ጊዜ እስከ 0.6 ዲግሪ ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 በሙከራ በረራ ወቅት አውሮፕላኑ በዝቅተኛ ፍጥነት የሚያሳየውን ጠባይ ለማስተካከል ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ ተደረገ፤ አራት እጥፍ ማለት ነው። የደህንነት ግምገማውን የሚያዩት የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች እጅ የነበረው ሰነድ ግን የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ቀረ። በዚያው ዓመት ስለ ኤምካስ በአብራሪዎች መመሪያ ውስጥ እንዳይገለጽ ቦይንግ ጠየቀ፤ ተፈቀደለትም። ከዚያ በፊት በ2012 በሲሙሌተር አንድ የቦይንግ የሙከራ አብራሪ ሥርዓቱ ያለ ምክንያት ሲሠራ ለመመለስ ከ10 ሰከንድ በላይ እንደወሰደበትና ይህም ወደ ከባድ አደጋ እንደሚያደርስ ተመዝግቧል። የንድፉ ስሌት ግን አብራሪ በ4 ሰከንድ ይመልሳል በሚል ታሳቢ ላይ ቆሞ ቀጠለ።

ሦስት ክፍሎች፣ ሦስት ቁራጭ እውቀት። አንዱ ኃይሉ መጨመሩን ያውቃል፣ ሌላው አብራሪው እንደሚዘገይ ያውቃል፣ ሦስተኛው መመሪያው ውስጥ እንደሌለ ያውቃል። ሦስቱን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ አልነበረም። የሁለቱ መለኪያዎች ንባብ ሲለያይ አብራሪውን የሚያስጠነቅቀው ምልክትም በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ላይ እንደማይሠራ ቦይንግ በ2017 ደርሶበት ነበር። በ2020 ይስተካከላል ተብሎ ተያዘ፤ አየር መንገዶቹ ግን የሰሙት ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ነው።

ለምን አልተናገሩም? የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ባደረገው ምርመራ የወጣ አንድ የቦይንግ የውስጥ መጠይቅ መልሱን በቁጥር ይነግረናል። በ2016 በድርጅቱ ውስጥ ተቆጣጣሪውን ወክለው ከሚሠሩትና መጠይቁን ከመለሱት ባለሙያዎች 39 በመቶው አላስፈላጊ ጫና እንደሚሰማቸው ገለጹ፤ 29 በመቶው ደግሞ ይህንን ቢናገሩ የሚደርስባቸውን ፈርተዋል። ከላይ ደግሞ የገበያ ቃል ኪዳን ተጭኗል፦ አዲሱ አውሮፕላን ለአብራሪዎች የሲሙሌተር ሥልጠና የሚያስፈልገው ሆኖ ከተገኘ ቦይንግ ለሳውዝዌስት አየር መንገድ በአንድ አውሮፕላን 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስ ተስማምቶ ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ «ይህ ነገር ሥልጠና ይፈልጋል» ማለት ከስንት ሰው ጋር መጣላት እንደሆነ አስቡት። በ2018 ክረምት 737 በሚገጣጠምበት የሬንተን ፋብሪካ ካሉት ኃላፊዎች አንዱ የሆነ ኤድ ፒርሰን ምርቱ ለጊዜው ይቁም ብሎ ለአለቆቹ ጽፎ ነበር። አልቆመም።

ካፒቴን ያሬድ ጌታቸውና ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ በዚያች ጠዋት የታገሉት ከሶፍትዌር ጋር ብቻ አልነበረም። ቦይንግ አውሮፕላኖቹን በሚሠራበት ሲያትል ውስጥ በየክፍሉ ተቆልፎ ከቀረ እውቀትም ጋር ነበር። ነገሩ ታሪክ ሆኖ አልቀረም። ጃንዋሪ 2024 የአላስካ አየር መንገድ 737 ማክስ በአየር ላይ ሳለ ጥቅም ላይ የማይውል በር የሚደፈንበት ሰሌዳ ተገንጥሎ ሲወድቅ፣ ፋብሪካው ውስጥ ማን እንደከፈተውና እንደዘጋው የሚያሳይ መዝገብ አልተገኘም። በቀጣዩ ወር የወጣ የባለሙያዎች ፓነል ሪፖርትም ስለ ደህንነት የበላይ አመራሩ የሚለውና ሠራተኛው የሚያውቀው እንደማይገናኝ አስቀመጠ።

ይህን ሁሉ ጽፎ በአሜሪካውያን ላይ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን የፖርትላንዱን መሐንዲስ አነጋገር ስሰማ የማውቀው ድምፅ ይመስለኛል። በየስብሰባችን «እንደው ለማለት ያህል»፣ «ትንሽ ቢታይ»፣ «ምናልባት እኔ አልገባኝ ይሆናል» እያልን የምንናገረው ነው። በአንቱታ ያደግን ሰዎች ነን፤ አንቱታውን እወደዋለሁ፣ እንዲጠፋም አልፈልግም። ግን አክብሮቱ ለሰውዬው መሆኑ ቀርቶ ለስህተቱም ሲደርስ አይቻለሁ። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። በቡድን ሥራ ውስጥ ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ ነቀዙም የሚታየው ጎተራው ሲከፈት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መድኃኒት ለጤና ጣቢያዎች በሚያከፋፍል አንድ ቢሮ ውስጥ ሪፖርት አጠናቅር ነበር። የሩብ ዓመቱ ስብሰባ ላይ ያዘጋጀሁትን አቀረብኩ፤ ስርጭቱ በዕቅዱ መሠረት መከናወኑን የሚገልጽ ነበር። አስተያየት ተጠየቀ፤ ዝም። ጸደቀ፤ ፎቶ ተነሣን፤ ፎቶው በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ወጥቶ አውራ ጣት ዘነበለት። ከዚያ ቡና ተፈላ። የመጋዘኗ ኃላፊ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ሲኒያቸውን እንደያዙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ወንድሜ፣ ያ የሕፃናት ሽሮፕ እኮ ሁለት ወር ነው የቀረው» አሉኝ። በርከት ያለ ካርቶን መደርደሪያ ላይ እንደተኛ ነው። ጤና ጣቢያዎቹ አይጠይቁትም፤ ዕቅዱ የተሠራው ያለፈውን ዓመት ቁጥር ገልብጦ ስለሆነ ከሚፈልጉት በላይ ተገዝቷል። በሪፖርቴ «ተሰራጭቷል» የተባለው ከዋናው መጋዘን ወደ እሳቸው መጋዘን መግባቱ ነው።

«ስብሰባው ላይ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ? እኔ የማውቀው ቢን ካርዱ ላይ ያለውን ነው። ሪፖርቱ የእናንተ ነው።»

ሽሮፑ ጊዜው አልፎበት ተወገደ። ያን ጊዜ በየጤና ጣቢያው የሌላ መድኃኒት እጥረት ነበር። ይህ እስካሁን ይቆረቁረኛል፤ ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝና። እሳቸው አልዋሹም፣ እኔም አልዋሸሁም። እሳቸው የመጋዘኑ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ ያውቃሉ፣ ፋርማሲስቱ ጤና ጣቢያዎቹ ምን እንደሚያዙ ያውቃል፣ እኔ በጀቱን አውቃለሁ። በሦስታችን መካከል ያለው እውቀት ሽሮፑን ለማዳን በቂ ነበር፤ የተገናኘው ግን ዘግይቶ፣ በቡና ሲኒ ላይ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት እውነተኛው ስብሰባ የሚጀምረው ስብሰባው ሲያልቅ ነው፤ የእሱ ቃለ ጉባኤ ደግሞ አይያዝም።

ቃለ ጉባኤን ካነሣሁ፣ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የምትለዋ መስመር የሠራችውን ጉዳት እንዲሁ አላልፈውም። የተሸነፈው ሐሳብ፣ የተጠራጠረው ሰው፣ «ይቆይ» ያለው ድምፅ ከመዝገቡ ይጠፋል። ከስድስት ወር በኋላ ዕቅዱ ሲከሽፍ ያ ጥርጣሬ የት እንደነበር የሚያስታውስ የለም። ይህ ልማድ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የመጽሐፍ ትርጓሜ አንድምታ የሚባለው አንዱን ትርጉም ይዞ ሌላውን ስለማይጥል ነው። «አንድም እንዲህ ነው» ብሎ ይጀምራል፤ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያስከትላል። የጎንደር ላይ ቤትና ታች ቤት የተባሉት የትርጓሜ ወገኖች በሚለያዩበት ቦታ ልዩነቱ ይነገራል፤ ተማሪው ሁለቱንም ይዞ ያድጋል። ትውልዶች በጋራ የሠሩት እውቀት በዚህ መንገድ ቆየ። በቃለ ጉባኤያችን ላይ አንዲት «አንድም» ብትገባ ምን ያህል ነገር ይተርፍ ነበር!

ስለ ማዕረግም እንዲሁ የቆየ መላ ነበረን። በነገሥታቱ ዘመን በዙፋን ችሎት ፍርድ ሲሰጥ ሐሳብ የሚቀርበው ከዝቅተኛው ማዕረግ ተጀምሮ ነው፤ ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ የንጉሡ ቃል መጨረሻ ላይ ይመጣል። ያ ዘመን ሰው እንደልቡ የሚናገርበት ነበር ለማለት አይደለም። ሥርዓቱን ያወጡት ሰዎች ግን ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የእሱን ቃል ከመድገም በቀር ምንም እንደማይል ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ታናሹን «ድፈር» ብለው አልመከሩትም፤ ተራውን አስቀደሙለት። ዛሬ በየሥልጠናው «በነፃነት ተናገሩ» እያልን ሥራ አስኪያጁ በመክፈቻ ንግግሩ መደምደሚያውን ተናግሮ ከሚጨርስበት አሠራር ይህ እጅግ ይሻላል።

እኛም በዚያ ቢሮ ይህችን ነገር ሞከርን። ኃላፊያችን ተስማሙ፦ እሳቸው መጨረሻ ይናገራሉ፤ ሪፖርቴ ከመነበቡ በፊት ደግሞ መጋዘኑ ይጠየቃል። በመጀመሪያው ቀን ሴትዮዋ ግራ ገባቸው። «እኔ ልጀምር?» ብለው ዞር ዞር አሉ። ከዚያ ከቦርሳቸው ጥግ ጥጋቸው የቆሸሸ አራት ቢን ካርዶች አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። ሦስቱን በፍጥነት አለፏቸው። አራተኛው ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ይሄ ከሰኔ ወዲህ አልተነካም» አሉ። ፋርማሲስቱ ወንበሩን ጎትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ካርዱን አገላብጦ አየና ይህንኑ መድኃኒት አጥተው የደወሉለት ሁለት ጤና ጣቢያዎች እንዳሉ ተናገረ። እኔ ሪፖርቴን ዘግቼ የመኪና ነዳጅ በጀቱን መፈለግ ጀመርኩ።